ባለ አሥራ ሁለት ቁልፉን ሳጥን ይዤ መንዝ የወጣሁ ጊዜ

እኔ መንገድ የምወድ ሰው አይደለሁም። አስቀድሜ መናገሬ፣ የጉዞ ወሬ የሚጽፍ ሁሉ መንገድ ወዳድ እንዳይመስላችሁ ነው። ወገቤ ያመኛል፣ ጉልበቴ ያመኛል፣ አውቶቡስ ውስጥ የሰው ክርን ጎኔን ሲነካኝ ደግሞ ይነደኛል። ከኮተቤ ተነስቼ መንዝ ድረስ የሄድኩት በአንዲት የእንጨት ሳጥን ምክንያት ነው። እኔ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል፤ ወገቤ ግን ገና አልተመለሰም።

ሥራዬ የጌም ቤት ጆይስቲክ መጠገን ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ሲያርፍ ጠረጴዛውንም መሣሪያውንም ወረስኩ፤ ሬዲዮ የሚያስጠግን ሰው ግን አብሮ አልተወረሰም። ጎረቤቴ ያለው ጌም ቤት በየቀኑ የተሰበረ ጆይስቲክ ሲያመጣልኝ በዚያው ቀረሁ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ጨዋታውን ራሱን አንድ ቀን ተጫውቼ አላውቅም። የተጫዋች እጅ ግን አውቃለሁ። የትኛው ጣት የትኛውን ቁልፍ ቶሎ እንደሚጨርስ፣ ሲናደዱ የቱን እንደሚደቁሱ፣ ሁሉንም አውቃለሁ።

ከእነዚያ እጆች አንዱ የአስራት ነበር። አስራት የግሼ ራቤል ልጅ ነው። አዲስ አበባ መምህርነት ሲማር አራት ዓመት ሙሉ እዚያ ጌም ቤት ውሎ አድሯል ማለት ይቻላል። የሚጫወተው ያንን ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው የሚደባደቡበትን ነው፤ ቀድሞ የወደቀ ይሸነፋል፣ ሌላ ፍልስፍና የለውም። አሁን ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፣ መሐል ሜዳ ሒሳብ ያስተምራል። ከሁለት ዓመት በፊት ለእረፍት ራቤል ሄዶ፣ የቤተሰቡ ወፍጮ ቀበቶ የግራ አውራ ጣቱን ወሰደው። ጆይስቲክ ላይ ደግሞ ተደባዳቢውን ወዲህና ወዲያ የሚነዳው የግራ አውራ ጣት ነው።

መስከረም ላይ ደወለልኝ። «እትዬ ሙሉ፣ አውራ ጣት የማይፈልግ ጆይስቲክ የለም?» አለኝ። እንደ ቀልድ አድርጎ ነው ያለው፤ እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ሰው ጠያይቄ፣ ስልኬ ላይ ዓይኔ እስኪቀላ አፍጥጬ ደረስኩበት። ቁልፍ ብቻ የሆነ ጠፍጣፋ ሳጥን አለ። ጭን ላይ ይቀመጣል፤ የግራ እጅ ሦስት ጣቶች ግራ፣ ታችና ቀኝ ይነዳሉ፣ መዝለያውን የቀኝ አውራ ጣት ይጫናል፣ ቡጢና ርግጫውን የቀሩት የቀኝ ጣቶች ይሠራሉ። የዋንዛ ሳንቃ አስጠርቤ አሥራ ሁለት ቁልፍ ገጠምኩበት። ግራና ቀኝ አብረው ቢጫኑ ሰውየው ባለበት ቆሞ እንዲቀር አድርጌ ነው ያሰርኩት፤ አለዚያ ማጭበርበሪያ ይሆንና ተጫዋቾች ይጣላሉ።

«በአውቶቡስ ይላኩልኝ» አለኝ። እምቢ አልኩ። ሰው እጅ ላይ ሆኖ ሲሠራ ሳላይ ጥሩ ነው ብዬ አልሰጥም። ደግሞም የግራ አውራ ጣታቸው የማይታዘዝላቸው ሁለት ሰዎች «ለእኛም» ብለው እየጠበቁኝ ነው። የአስራት ከሠራ እነሱም ይጫወታሉ። ካልሠራ ለምን በከንቱ ተስፋ እሰጣለሁ?

ረቡዕ ማለዳ ላምበረት መናኸሪያ ነበርኩ። ታኅሣሥ ነው። መንገዱ ክፍት መሆኑን አስራት በዋዜማው አረጋግጦልኛል፤ በዚህ ዘመን ሰው ከመነሳቱ በፊት ይህን መጠየቅ ለምዷል። አውቶቡሱ አሁን ነው፣ አሁን ነው እየተባለ አራት ሰዓት ላይ ተነሳ። ደብረ ብርሃን ስደርስ የመሐል ሜዳው መኪና ሄዷል። በቃ፣ እዚያው አደርኩ።

እኔ ኮተቤ ይበርዳል ብዬ ለሰው የማወራ ሴት ነበርኩ። ምን አለ ያኔ አፌን ቢዘጋልኝ! ደብረ ብርሃን ሦስት ብርድ ልብስ ደርቤ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። የአልጋ ቤቷ ባለቤት አይታኝ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልታ፣ በፎጣ ጠቅልላ አመጣችልኝ። «እግርዎ ሥር ያድርጉት፣ እናቴ» አለችኝ። እግሬ ሥር ላደርገው ስል ሳጥኑ ትዝ አለኝ። ሳንቃው በብርድ ቢሰነጠቅስ? ጠርሙሱን ከሳጥኑ ጋር አንሶላ ውስጥ አስገባሁት። ሳጥኑ ሞቆት አደረ፣ እኔን ግን አልሞቀኝም።

ሐሙስ ጣርማ በር ላይ ጉሙ ከፊታችን ያለውን መኪና ዋጠው። ሹፌሩ መብራት አብርቶ እያዘገመ፣ ሰዉ ሁሉ ዝም ብሎ፣ አንዲት ሴትዮ ብቻ እመቤታችንን እየጠሩ አለፍን። ወደ መንዝ ከታጠፍን በኋላ ፍተሻ አለ ተባለና ወረድን። ፈታሹ ከዘንቢሌ ሳጥኑን አወጣና ገለበጠው። አስቡት እንግዲህ፤ አሥራ ሁለት ቁልፍ ያለው፣ ከጎኑ ሽቦ የተንጠለጠለ ሳጥን!

«ይሄ ምንድን ነው፣ እናት?»

«መጫወቻ ነው።»

«የምን መጫወቻ?»

«በቴሌቪዥን ነው። ሁለት ሰዎች የሚደባደቡበት።»

ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። «እርስዎ ነዎት የሚደባደቡት?»

ከኋላዬ ያለው ሰልፍ በሳቅ ፈነዳ። ፈታሹ ግን አልሳቀም፤ ይፍቱት አለኝ። ባለጌ ሰው አልነበረም፣ ሥራው ሆኖበት ነው። በደነዘዘ እጄ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታሁ፣ ሆዱን አየ፣ «ይቅርታ፣ እናት» ብሎ እንደገና ሳስረው ክዳኑን ራሱ ያዘልኝ። አንዷን ሽቦ ክዳኑ ሥር ቀርቅሬ ማሰሬን ያን ጊዜ አላወቅኩም።

ሞላሌ ሳንደርስ ደግሞ የኋላ ጎማ ፈነዳ። አዲስ አበባ ቢሆን ሰው ሹፌሩን ሰድቦ ታክሲ ይይዛል። እዚህ ሁሉም ወርዶ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ፣ ስንቅ ተፈታ። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት፣ ከደብረ ብርሃን ጀምሮ ክርናቸው ጎኔን ሲወቃኝ የመጣ ናቸው፤ በሆዴ ስረግማቸው ነው የመጣሁት። እሳቸው የገብስ በሶ በጠበጡና የመጀመሪያውን ኩባያ ለእኔ ሰጡኝ። «ጠጪ፣ ልጄ፤ ወገብ ይይዛል» አሉኝ። ወገቤን እንዴት እንዳወቁብኝ እንጃ። ጠጣሁ፣ እርግማኔንም በልቤ አነሳሁ።

መሐል ሜዳ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረስን። አስራት መናኸሪያው በር ላይ ነጭ ጋቢ ተከናንቦ ቆሟል። ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሊስም ሲል ትከሻውን ይዤ አነሳሁት። ዘንቢሌን በቀኝ እጁ ተቀበለኝ፤ ግራው ከጋቢው አልወጣም። ያረፍኩት እሱ ተከራይቶ የሚኖርበት ግቢ፣ እማማ አስካለ ዘንድ ነው። እማማ አስካለ ሰባ ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ነገር የማያልፋቸው ሴት ናቸው። ጾም ስለሆነ የገብስ እንጀራ በሽሮ አቀረቡልኝ። ጠገብኩ ስል «በሞቴ»፣ በቃኝ ስል «አፈር ስሆን»፤ እኔ ቤት ሰው በቃኝ ካለ ሰሃኑ ይነሳል። ለመኝታ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና አለበሱኝ። ክብደቱ መገላበጥ አይሰጥም፤ ግን ከኮተቤ ከወጣሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞቀኝ።

ዓርብ ጠዋት ግቢው ውርጭ አድሮበት ነጭ ሆኗል። ሳጥኑን በመለኪያዬ ብሞክረው የግራ ቁልፍ አይሠራም። ፈታሁት፤ ያቺ የቀረቀርኳት ሽቦ ተበጥሳለች። መበየጃ ይዣለሁ፣ ግን መብራት የለም። እማማ አስካለ ከሰል አያያዙልኝና የመበየጃዬን ጫፍ ነቅዬ፣ በጉጠት ይዤ እሳት ውስጥ ከተትኩት። እሳቸው ሳጥኑን በሁለት እጃቸው ደግፈው ይዘው፣ እኔ ጎንበስ ብዬ ወገቤን እየረገምኩ ሽቦውን አጣበቅኩ።

«አንቺ፣ ይሄ ሁሉ ልጁ እንዲደባደብ ነው?» አሉኝ።

«የጨዋታ ነው፣ እማማ። ሰው አይጎዳም።»

«እሱስ ገባኝ። ቆይ፣ የጨዋታ ከሆነ ለምን ሲያሸንፍ እያዘነ ይመጣል?»

ጭሱ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ስለነበር ነገሩን በዚያው ተውኩት።

መብራት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። አስራት ከትምህርት ቤት ሲወጣ ወደ ዘውዱ ጌም ቤት ሄድን። ዘውዱ ባለቤቱ ነው፤ አርባ ያለፈ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሳቂታ ሰው። ክፍሏ አንድ ናት፤ ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት አግዳሚ፣ መሐል ላይ የከሰል ምድጃ። የእኔ ጎረቤት ጌም ቤት ጩኸት ነው፣ ላብ ነው፤ ጎረምሶቹ ሸሚዛቸውን አውልቀው ነው የሚጫወቱት። እዚህ ሁሉም ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ ጆይስቲኩን ጋቢው ውስጥ ይዞ ይጫወታል። እጅ የሚባል ነገር አይታይም። ቴሌቪዥኑ ላይ ሁለት ሰዎች ይቀጣቀጣሉ፣ አግዳሚው ላይ ሁለት ጋቢዎች ዝም ብለው ተቀምጠዋል።

አስራትም ሳጥኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ጋቢውን ከላይ አለበሰው።

«ታዲያ ቁልፎቹ እንዴት ይታዩሃል?» አልኩት።

«ማን ያያቸዋል፣ እትዬ ሙሉ?»

እውነቱን ነው። እኔ ታዲያ ቁልፎቹን በየቀለማቸው ለመግጠም መርካቶን ሦስት ቀን የዞርኩት ለማን ብዬ ነው?

ስምንት ሰው በየተራ ቀረበ፣ ስምንቱም ወደቁ። ሰዉ አጨበጨበ። «እጅዎ ይባረክ!» አለኝ ዘውዱ፣ «ተአምር ነው የሠሩት!» ደስ አለኝ። ልዋሽ? በጣም ደስ አለኝ። አስራት ግን ፈገግ ብሎ ሳጥኑን በጨርቅ ጠቀለለና «እንሂድ፣ ደክሞዎታል» አለኝ። እራት ላይ ነገሩ ይከነክነኝ ጀመር። አዲስ ነገር እጅ ውስጥ ሲገባ እጅ ይሰናከላል። ይህንን ሳጥን የለመዱ ሰዎች ራሳቸው ወር ሁለት ወር እንደፈጀባቸው ነው የሚናገሩት። ይሄ ልጅ አንድ ሰዓት ሳይዘው ስምንት ሰው ጣለ። እኔ ደግሞ የሠራሁት ሳጥን ነው እንጂ ተአምር አይደለም።

ቅዳሜ ከሰዓት እንደገና ሄድን። ዘውዱ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ለምድጃው ብዬ እንጂ ሌላ ነገር አስቤ አይደለም። ዘውዱ ከአስራት ጋር እየተጫወተ ቆሎ ይቆረጥማል። ቆሎ መቆርጠም ኃጢአት አይደለም። ግን ቆሎው ከየት ይመጣል? አየሁት። ከጋቢው ሥር እጁ ብቅ ይላል፣ አፉ ጋ ይደርሳል፣ ተመልሶ ይገባል። እንደገና ብቅ ይላል። ጆይስቲክ የሚያዘው በሁለት እጅ ነው። ይሄ ሰውዬ ስንት እጅ አለው? ዘውዱ ተሸንፎ ተነሳ፣ ሌላው ተቀመጠ። እሱ ደግሞ እየተጫወተ በአንድ እጁ ከሰል ይቆሰቁሳል።

ዘውዱን ወደ ውጭ ጠራሁት።

«በአንድ እጅህ ነው የምትጫወተው?»

ፊቱ ተለወጠ። ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ። «ቀስ ይበሉ፣ ይሰማል።»

«ጠየቅኩህ እኮ!»

«እትዬ፣ ጣቱ የሄደ ጊዜ ነው የጀመርነው። ከሕክምና እንደተመለሰ መጣና በጆይስቲክ ልጫወት አለ። ሲታገል፣ ሲታገል፣ ትናንት የጀመረ ሰው ሲያሸንፈው አየን። ሆዳችን አልቻለም። እሱ ጣት ከጎደለው እኛ አንድ እጅ እንቀንስ፣ ፍርዱ እኩል ይሁን ብለን ተማከርን። ጋቢ አለ፣ አይታይም።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ?»

«ሁለት ዓመት።»

«አሁን ሳጥን አለው እኮ፣ አንተ ሰው! ሳጥኑ የተሠራው ለዚህ አይደለም እንዴ?»

«አሁን እንዴት ብለን እንተወው? ሁለተኛውን እጅ ያወጣን ቀን፣ እስከ ዛሬ የት ነበር ቢለንስ?»

ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፣ ቁጣው ግን ከየት ይምጣ። አንድ ቤት ሙሉ ሰው ለአንድ ሰው ጣት ብሎ ሁለት ዓመት በአንድ እጁ ተጫውቷል። እኔ ሰፈር ሰው ለወንድሙ እንኳ አንድ ግጥሚያ አይለቅም። ግን ከደግነታቸው የተነሳ ሳጥኔን ልመዝነው አልቻልኩም፤ ልጁም ራሱን ሊመዝን አልቻለም። «አደራ፣ እንዳይነግሩት» አለኝ ዘውዱ። እሺም እምቢም ሳልለው ተመለስኩ።

እራት ላይ አስራት ጠየቀኝ። «ሳጥኑን እንዴት አዩት?»

እማማ አስካለ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሱም። እኔ ማባበል አልችልበትም፤ ባለቤቴም በዚህ ነበር የሚማረርብኝ።

«አላየሁትም» አልኩት። «የሚገጥምህ ሰው የለም። በአንድ እጃቸው ነው የሚጫወቱት።»

እንጀራውን ቆርሶ ያዘና አልጎረሰውም። «አውቃለሁ» አለኝ።

«ምኑን?»

«ሒሳብ አስተማሪ ነኝ እኮ፣ እትዬ ሙሉ። ሰው ሁሉ ሁልጊዜ አይሸነፍም። ቆሎውንም አያለሁ።»

«ታዲያ ሁለት ዓመት ለምን ዝም አልክ?»

«ምን ልበላቸው? ለእኔ አዝነው ነው። ለምን አዘናችሁ ብዬ ልጣላ?»

ነደደኝ። «እሺ፣ ይህን እያወቅክ እኔን በዚህ ወገቤ እዚህ ድረስ ለምን አስመጣኸኝ?»

«እኔ መች አስመጣሁዎ፤ በአውቶቡስ ይላኩት ነው ያልኩት።»

ነገሩስ እውነት ነው። እማማ አስካለ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

«ግን ሲመጡ ደስ አለኝ» አለ አስራት፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «እርስዎ ያዩትን ይናገራሉ። እኔ ማወቅ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ሰው ሳይለቅልኝ ምን ያህል ቀርቶኛል? ዜሮም ከሆነ ዜሮ ነው፤ ልወቀው።»

ይህን የሚያሳየው አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። ታላቅ ወንድሙ ደምሴ ነው። ራቤል ወፍጮውን የሚያሠራው እሱ ነው፤ ጨዋታውን ያስተማረውም እሱ ነው፣ አስራት በሕይወቱ አንድ ጊዜ አሸንፎት አያውቅም። የዚያን ቀን ሞተሩን ያስነሳው ደምሴ ነበር። የወንድሙ እጅ ቀበቶው ላይ መሆኑን አላየም። ከዚያ ወዲህ ጆይስቲክ ነክቶ አያውቅም፤ አስራት ቤቱ ሲመጣም ዓይኑን ከግድግዳው አያነሳም።

«ነገ እሑድ ነው፣ ወፍጮ የለም» አለ አስራት። «ይሄዳሉ?»

ልቤ አልጋዬን ነበር የሚያስበው። እሄዳለሁ አልኩት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ራቤል የሚሄድ አይሱዙ አገኘን። ጋቢና ውስጥ ሹፌሩና እኛ ሁለታችን ነን። ስለ መንገዱ ብዙ አልናገርም፤ ሳጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ጉልበቴን ከፊቴ ካለው ብረት ጋር እያጋጨሁ፣ አቧራ እየዋጥኩ ነው የሄድኩት። የተቆለለ የገብስ ነዶና በግ፣ በግና የገብስ ነዶ አየሁ። ኮተቤ አስፋልቱ ተቦረቦረ ብዬ ስነጫነጭ ስለኖርኩት ሁሉ ተመልሼ ይቅርታ ልጠይቅ ምንም አልቀረኝ።

ደምሴ ከወፍጮው ጋር ግድግዳ በሚጋራ ቤት ነው የሚኖረው። ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ረዥም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ወፍጮውን በበሩ አየሁት፤ ቀበቶው ዙሪያውን በወፍራም ሳንቃ ታጥሯል፤ ምስማሩ ከሚያስፈልገው በላይ በዝቷል። እግራችንን አስታጠበ፣ ተልባና የገብስ እንጀራ አቀረበ፣ ራሱ ቆሞ አስተናገደን። ወንድሙን «ብላ» እያለ ያጎርሰዋል፣ ዓይኑ ግን ግድግዳው ላይ ነው። አስራት ከጓዳ የድሮውን ጌም አውጥቶ አቧራውን ሲጠርግ «ሥራ አለብኝ» ብሎ ተነሳ።

«በእሑድ የምን ሥራ ነው፣ ጋሼ?» አለው አስራት።

«እንግዳ አለብን።»

«እንግዳዋ የመጣችው ይህንኑ ልታይ ነው» አልኩ እኔ። «ከአዲስ አበባ ድረስ ወገቤ ተቀጥቅጦ ነው የመጣሁት። ተቀመጥ።»

እንግዳ እምቢ አይባልም፤ ተቀመጠ። ጆይስቲኩን ተቀብሎ ጋቢው ውስጥ አስገባው። ጀመሩ። አስራት አሸነፈ። ሁለተኛውንም አሸነፈ። ደምሴ ቆሎ አልቆረጠመም፤ ግን የቀኝ ትከሻው ብቻ ሲንቀሳቀስ አየሁ። አስራት ሳጥኑን ከጭኑ አንስቶ መደቡ ላይ አስቀመጠው።

«ጋሼ፣ ጋቢህን አውልቅ።»

«ይበርደኛል።»

«እኔንም ይበርደኛል» አለና የራሱን ጋቢ አወለቀ።

የግራ እጁን ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ደምሴም ያየው ያን ጊዜ መሰለኝ። አራቱ ጣቶች ደህና ናቸው፤ ከአውራ ጣቱ የቀረው የተጨማደደ ጠባሳ ብቻ ነው። ደምሴ ለረዥም ጊዜ አየው።

«ሁለት ዓመት በአንድ እጅ እየተጫወቱ አቆሰሉኝ» አለ አስራት። «እነሱስ ሰው ናቸው፣ አልፈርድባቸውም። አንተ ግን ወንድሜ ነህ። አንተም ካዘንክልኝ እኔ በማን እለካለሁ?»

ደምሴ ጋቢውን አወለቀ። አጥፎ መደቡ ላይ አስቀመጠው። ጆይስቲኩን በሁለት እጁ ያዘ፤ አስራትም ሳጥኑን ወደ ጭኑ መለሰ።

አሥር ተጫወቱ። አሥሩንም ደምሴ አሸነፈ። የመጀመሪያዎቹ አራት ገና ከመጀመራቸው ነው ያለቁት፤ ሰውየው ሁለት ዓመት ያልነካውን ነገር ትናንት እንደተወው ነው የያዘው። ከአምስተኛው ጀምሮ አስራት መከላከል ጀመረ። ሰባተኛው ላይ አንድ ምት ቀርቶት ወደቀ፣ እኔም ሳላስበው «ወይኔ!» ብዬ ጮህኩ።

ሳጥኔንም ያን ጊዜ ነው በትክክል ያየሁት። መዝለያው ከርግጫው ጋር በጣም ተቀራርቧል፤ ሲጣደፍ ሁለቱን አብሮ ይጫናል። የሳንቃው ጠርዝ የእጁን አንጓ ይቆርጠዋል። ሳጥኑ ከጭኑ ይንሸራተታል። ሦስት ስሕተት፣ ሦስቱም የእኔ። ዘውዱ ቤት በስምንት ድል ያላገኘሁትን እዚህ በአሥር ሽንፈት አገኘሁት።

አሥረኛው ሲያልቅ አስራት ይስቅ ጀመር። አዲስ አበባ ሳለ ከጎረቤት ግድግዳ አልፎ ጠረጴዛዬ ድረስ ይሰማ የነበረው ሳቅ ነው። «አሥር ለባዶ! ምንም አልራራልኝም!» እያለ ጭኑን ይመታል። ደምሴ ጆይስቲኩን አስቀምጦ ወደ ውጭ ወጣ። ቆይቶ ባይመለስ ተከትዬው ወጣሁ። ወፍጮው ግድግዳ ላይ ተደግፎ ያለቅሳል።

«እትዬ፣ ያን ቀን ጣቱን ወሰድኩበት» አለኝ። «ከዚያ በኋላ ደግሞ ራሴን ወሰድኩበት። ይህን አላሰብኩም።»

ነጠላዬን ሰጠሁትና ፊቱን ጠረገበት። ስንገባ አስራት ሳጥኑን ጭኑ ላይ አድርጎ እየጠበቀ ነበር። «አሥራ አንደኛው!» አለ። አሥራ አንደኛውንም ተሸነፈ።

የመመለሻውን ነገር አሳጥሬ ልናገር፣ ደክሞኛል። ሰኞ ማለዳ ወደ መሐል ሜዳ ተመለስን። እማማ አስካለ ያረጀ ባናቸውን ቀደው ሰጡኝ፤ የሳጥኑን ሥርና ጠርዙን አለበስኩት፣ አልንሸራተት አለ፣ አንጓውንም መቁረጥ ተወ። መዝለያውን ነቅዬ ሁለት ጣት ያህል አራቅኩት። ከሰዓት አስራት ዘውዱ ቤት ገብቶ ሰው ሁሉ ፊት «ከዛሬ ጀምሮ ጋቢ ይወልቃል፣ እኔ ልጀምር» አለና አወለቀ። ዘውዱ ቆሎውን ኪሱ ውስጥ መለሰና ጋቢውን ማውለቅ ጀመረ። ያን ቀን አስራት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያሸነፈው፣ እማማ አስካለም «ዛሬስ ደህና ፊት ይዘህ መጣህ» አሉት። ማክሰኞ እስከ ደብረ ብርሃን፣ ረቡዕ እስከ ኮተቤ። ዘንቢሌ ውስጥ ከዘውዱ የተላከ ቆሎ፣ ከእማማ አስካለ የተላከ በሶ ነበር፤ በመመለሻውም እንደዚያው ተፈተሸ።

ትናንት የሁለተኛውን ሳጥን ሳንቃ በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለስኩ ስልኬ ጮኸ። ደምሴ ነው። ዝምተኛ ሰው ነው ያልኳችሁ ሰውዬ ይጮኻል።

«እትዬ ሙሉ፣ አሸነፈኝ! ትናንት እዚህ መጥቶ፣ ከአሥሩ አንዷን አሸነፈኝ!»

እኔ ደግሞ ከመሐል ሜዳ ወዲህ እንዲህ ያለ ወሬ አላምንም። «በስንት እጅህ?» አልኩት።

ያስቀየምኩት መሰለኝ።

«ማተቤን፣ በሁለት እጄ!» አለኝ። ከዚያ ሳል ያዘው፣ ሳለ፣ ሳለ፣ አላቆም አለ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ምን እሆናለሁ፤ እሑድ እሑድ ጋቢዬን አውልቄ እየተጫወትኩ ብርድ መታኝ።»